የበሰበሰውን ያህል ብቻ

የእንጨት ቤት የሚያረጀው ከእግሩ ነው። ጣሪያው እስካላፈሰሰ ድረስ መጀመሪያ የሚሄደው የቋሚው የታችኛው ጫፍ ነው። የዝናብ ውሃ ከመሬት እየነጠረ ይመታዋል። የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ደግሞ ውሃ ይጠጣል፤ ዛፍ ሳለ ውሃ ወደ ላይ ያወጣባቸው የነበሩት ቀጫጭን ቧንቧዎች ከተቆረጠም በኋላ አፋቸው ክፍት ነው። ምስጡም የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ስለዚህ መቶ ዓመት የቆመ ቤት ስትመረምሩ፣ ቋሚው ከጉልበት በላይ ምስማር አላስገባ የሚል ጠንካራ፣ ከጉልበት በታች ግን በጣት የሚፈረፈር ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ምን ይደረግ? ብዙ ቦታ መልሱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ቋሚው ሙሉ ለሙሉ ወጥቶ በአዲስ ይቀየራል፣ ወይ እግሩ ዙሪያውን ሲሚንቶ ይለብሳል። የጃፓን አናጢዎች ሌላ መንገድ አላቸው። የበሰበሰውን ያህል ብቻ ይቆርጣሉ። በቆረጡት ልክ አዲስ እግር ያዘጋጃሉ። ከዚያ አሮጌውንና አዲሱን ያለ ኮላና ያለ ብሎን፣ እንጨቱን ራሱን ፈልፍለው ያጋጥሟቸዋል። ሥራውን ኔትሱጊ ይሉታል።

እኔ ከእንጨት ጋር ነው የምውለው። በር፣ መስኮት፣ ጠረጴዛ እሠራለሁ። ስለ ጃፓን መጋጠሚያዎች ማንበብና መሞከር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ከስልክ ቪዲዮ ነው። ሁለት ንጹሕ እንጨቶች ይመጣሉ፣ ይገጥማሉ፣ መስመራቸው ይጠፋል። ያምራል፤ እኔም ደጋግሜ አያለሁ። ግን የእነዚህ መጋጠሚያዎች ከባዱ ሥራ በጠመመ አሮጌ ቋሚ ላይ፣ ጣሪያው ከላይ ተጭኖ እያለ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ የሚሠራው ነው። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በጣም የምወደውን መጋጠሚያ ላሳያችሁ። ካናዋ ይባላል።

መጀመሪያ ቤቱ ይነሳል። ብዙ አይደለም፤ ጭነቱ ከቋሚው ላይ እንዲለቅ ያህል ነው። አጠገቡ ጊዜያዊ ድጋፍ ይቆማል፣ ከሥሩ ክሪክ ይገባል፣ አግዳሚው ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ አናጢው ቋሚውን በመዶሻ እየነካካ ያዳምጣል። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ድምፁ የታፈነ ነው። ድምፁ ከሚቀየርበት ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ ያሰምራል። መስመሩን የሚያሰምረው ሱሚትሱቦ በሚባል ዕቃ ነው፤ ጥቁር ቀለም የጠጣ ክር የተጠቀለለበት ትንሽ የእንጨት ዕቃ ነው። ክሩ ተወጥሮ ሲለቀቅ ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር እንጨቱ ላይ ይቀራል።

አሁን ቆረጣው ይጀምራል። የአሮጌው ቋሚ ታችኛ ጫፍ ግማሽ ውፍረቱ ይወገዳል፤ ቀሪው ግማሽ ወደ ታች ይወርዳል። አዲሱ እግር በቅርጽ የዚያው መንታ ነው፤ ተገልብጦ የቆመ ብቻ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ቀጭን ምላስ ይወጣል። በእያንዳንዱ ትከሻ ላይ ደግሞ የሌላውን ምላስ የሚቀበል ጎድጓዳ መስመር ይፈለፈላል። ሁለቱ በሚነካኩበት ገጽ መሃል ላይ ትንሽ ደረጃ ይተዋል። መጋጠሚያው በአጠቃላይ ብዙ ጊዜ ከቋሚው ውፍረት ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ቋሚው 12 ሴንቲሜትር ከሆነ ከ30 እስከ 36 ሴንቲሜትር ማለት ነው።

አዲሱ እግር የሚገባው ከጎን ነው። ከላይ ጣሪያ አለ፣ ከታች ድንጋይ አለ፤ ሌላ መግቢያ የለም። ከጎን ሲገባ ሁለቱ ግማሾች ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ በጫፎቹ በኩል ግን የምላሱን ርዝመት ያህል ክፍተት ይቀራል። ከዚያ አዲሱ ወደ ላይ ይገፋል። ምላሶቹ በየማረፊያቸው ይገባሉ። ያኔ መሃል ላይ፣ በሁለቱ ደረጃዎች መካከል፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያሳይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይከፈታል። በዚያ ቀዳዳ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ሽብልቅ በመዶሻ ይገባል። ሽብልቁ በገፋ ቁጥር ሁለቱ እንጨቶች ወደ ትከሻቸው ይጠጋሉ፣ ስንጥቁ ይዘጋል። ምላሶቹ ወደ ጎን እንዳይሸሹ ይይዛሉ። ሽብልቁ ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ይይዛል። አለቀ።

ያ ሽብልቅ መውጣት ይችላል። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ልብ እሱ ነው። ዛሬ አዲስ የሆነው እግር አንድ ቀን ይበሰብሳል፤ ሁሉም እንጨት እንደዚያ ነው። ያን ቀን የሚመጣው አናጢ ሽብልቁን በሌላው ጎን ሆኖ ይመታዋል። ክሪኩን ያስገባል፣ እግሩን ዝቅ አድርጎ ያወጣል፣ ሌላ ይተካል። ከአሮጌው ቋሚ ላይ ምንም ሳይቆርጥ። በኢፖክሲ የተጣበቀ ወይም በብረት ሰሌዳ የተሰፋ ቋሚ ቢሆን ግን መጋዝ ብቻ ነው የሚያድነው። በተጠገነ ቁጥር ከጤነኛው እንጨት አንድ ክንድ ይሄዳል። ሦስት አራት ጊዜ ከተጠገነ አሮጌው ቋሚ የለም ማለት ነው።

የእግሩ ታችኛ ጫፍም የራሱ ጥበብ አለው። የቆዩ የጃፓን ቤቶች ቋሚዎች ብዙ ጊዜ መሬት ውስጥ አይቀበሩም፤ ድንጋይ ላይ ነው የሚቆሙት። ድንጋዩ ያልተጠረበ ይሆናል፤ ጉብታና ስርጉድ አለው። አናጢው ድንጋዩን አይነካውም። ጉብታውንና ስርጉዱን በኮምፓስ ወደ እንጨቱ ይገለብጥና የቋሚውን እግር በዚያው ልክ በመሮ ይቀርጸዋል። ሲያቆመው ይቀመጣል፣ ሳይያዝ ይቆማል። መሬት ሲናወጥ መጋጠሚያዎቹ ትንሽ ትንሽ ይላወሳሉ፣ እንጨት ከእንጨት ይፋተጋል፣ የመናወጡ ኃይል በዚያ ይበላል። ድርቅ ያለ ቤት የሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ይህኛው ይወዛወዝና ይመለሳል።

አንድ ነገር ላስተካክል። «ያለ አንድ ምስማር የተሠራ» የሚለው ወሬ ኢንተርኔቱን ሞልቶታል። አንዳንድ ቦታ እውነት ነው። ኪዮቶ ያለው የኪዮሚዙ ቤተ መቅደስ መድረክ 13 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ የቆመው ቋሚዎቹን ሰንጥቀው በሚያልፉ አግዳሚዎችና በሽብልቅ ነው። ሆርዩጂ ግን ምስማር አለው። ሆርዩጂ ናራ ግዛት ውስጥ ያለ የቡድሂስት ገዳም ነው፤ በዓለም ላይ ቆመው ከሚገኙት የእንጨት ሕንጻዎች እጅግ አሮጌዎቹ እዚያ ናቸው። ሕንጻዎቹ ሲፈቱ ረጃጅም፣ በእጅ የተቀጠቀጡ ምስማሮች ወጡ። ከ1300 ዓመት ገደማ በኋላም ብዙዎቹ ጤነኞች ነበሩ፤ ብረቱ ደጋግሞ ተቀጥቅጧልና። ዝገት የበላቸው ከዚያ ብዙ ዘግይተው የገቡት ናቸው። የድሮዎቹ አናጢዎች ምስማር አይጠሉም ነበር። ከእንጨቱ ቀድሞ የሚሞት ምስማር ነበር የማይፈልጉት።

አሁን ወደ ኦሳካ ልውሰዳችሁ። የኦሳካ ግንብ ዋናው በር ኦቴሞን ይባላል። ከበሩ ደጋፊ ቋሚዎች አንዱ እግሩ በስብሶ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተቀጥሏል። ቋሚው አራት ማዕዘን ነው። በሁለቱ ትይዩ ገጾች ላይ መጋጠሚያው የእርግብ ጅራት ቅርጽ ያሳያል፤ ማለትም ወደ ጫፉ የሚሰፋ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ተስቦ የማይወጣ። በሌሎቹ ሁለት ገጾች ላይ ደግሞ የተራራ ቅርጽ ያለው መስመር አለ። እንጨት የሚያውቅ ሰው ሲያየው ግራ ይጋባል። ከላይ አይገባም። ከፊት አይገባም። ከጎንም አይገባም። ታዲያ እንዴት ገባ?

ለብዙ ዓመታት መልስ አልተገኘም። በ1983 ቋሚው በኤክስሬይ ተነሳ። የውስጡ ቅርጽ ያኔ ወጣ፤ እንጨቱ የተንሸራተተው በሰያፍ ነበር። ከጎን ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ እያዘነበለ። በውጭ የሚታየው ቅርጽ አንድ፣ በውስጥ ያለው መንገድ ሌላ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በካርቶን ሠርቼ ነበር የገባኝ። ያ አናጢ ቀላሉን መንገድ መምረጥ ይችል ነበር። ካናዋ ያውቃል፤ ሌሎችም ብዙ መጋጠሚያዎች ያውቃል። ለምን ይህን መረጠ? እኔ የሚመስለኝ ለደስታው ነው። ለራሱ ደስታና ከእሱ በኋላ ለሚመጣው አናጢ ጥያቄ ለመተው። ሰዎች ጥገናን ከአዲስ ግንባታ ዝቅ ያለ ሥራ አድርገው ሲያወሩ ስሰማ ያ ቋሚ ትዝ ይለኛል። አዲስ ቤት የሚሠራ አናጢ እንጨቱን ራሱ ይመርጣል፣ ልኩን ራሱ ያወጣል። ጠጋኙ ሌላ ሰው ከብዙ ዘመን በፊት የወሰነው ውሳኔ ውስጥ ገብቶ ነው የሚሠራው። እሱ ይከብዳል።

እግር መቀጠል ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ያኔ ሕንጻው ሙሉ በሙሉ ይፈታል። የጣሪያው ሸክላ ይወርዳል፣ ወራጆቹ ይወርዳሉ፣ አግዳሚዎቹ ይወርዳሉ፣ ቋሚዎቹ ይነሳሉ። እያንዳንዱ እንጨት የነበረበት ቦታ ይጻፍበታል። ከዚያ አንድ በአንድ ይመረመራል። ጤነኛው እንዳለ ይመለሳል። ትንሽ የተጎዳው የተጎዳበት ቦታ ተጠርቦ በልኩ ቁራጭ ይገባበታል። ግማሹ የሄደ ግማሹ ይቀጠላል። ጨርሶ የማይሆነው ብቻ ይቀየራል። በአዲሱ እንጨት ላይም፣ ሲገጥም በማይታይበት ቦታ፣ የተጠገነበት ዓመት ማኅተም ይደረግበታል። ይህቺን ማኅተም በጣም እወዳታለሁ። የሚቀጥለው ሰው አሮጌውን ከአዲሱ እንዳያምታታ ታማኝ ሆና ትናገራለች።

የሆርዩጂ ትልቁ ጥገና በ1934 ተጀምሮ እስከ 1985 ዘለቀ። ሃምሳ ዓመት። ጦርነት በመሃል አለፈ። ጃንዋሪ 26 ቀን 1949 ጠዋት ደግሞ ወርቃማው አዳራሽ እየተጠገነ ሳለ እሳት ተነሳ። በግድግዳው ላይ የነበሩት ከሺህ ዓመት በላይ የቆዩ ሥዕሎች ተቃጠሉ። የአዳራሹ የላይኛው ክፍልና ጣሪያው ግን ለጥገናው ተፈትተው ሌላ ቦታ ነበሩ። በዚያ ምክንያት ተረፉ። የተቃጠሉት ቋሚዎችና ግድግዳዎች አልተጣሉም፤ ጥቁር እንደሆኑ ዛሬም በገዳሙ ውስጥ ተጠብቀው አሉ። ሀገሪቱ ደንግጣ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1950፣ የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ አወጣች። አዳራሹም በ1954 ተጠናቆ ቆመ።

በዚያ ጥገና ውስጥ ስማቸው የሚነሳ አንድ ሰው አሉ፤ ኒሺዮካ ትሱኔካዙ። በ1908 የተወለዱት ለትውልዶች የሆርዩጂ አናጢ ከነበረ ቤተሰብ ነው። ልጅ ሳሉ አባታቸው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊያስገቧቸው ፈለጉ። አያታቸው ግን እምቢ አሉ። የግብርና ትምህርት ቤት ይግባ አሉ። ዛፍ ከአፈር ነው የሚወጣው፣ አፈር ያላወቀ እንጨት አያውቅም ነው ነገሩ። ልጁ ግብርና ተማሩ።

የኒሺዮካ ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። እንጨት አትግዛ፣ ተራራውን ግዛ ይሉ ነበር። በአንድ ተራራ ላይ ያለ ዛፍ የሚያድግበት ፊት አለው፤ በደቡብ በኩል ያደገው ፀሐይ ስለሚያገኝ ቅርንጫፉ ብዙ፣ ጉጡ ብዙ ነው። በሰሜን ያደገው ለስለስ ያለ ነው። ሕንጻውም ሲሠራ የደቡቡ ወደ ደቡብ፣ የሰሜኑ ወደ ሰሜን ይቆማል። በሆርዩጂ ያሉት የጥንት ቋሚዎች እንዲሁ ሆነው እንዳገኟቸው ይናገሩ ነበር፤ የደቡቡ ፊት ጉጥ በጉጥ ነው። ጠማማ እንጨትም አይጣልም። ወደ ግራ የሚጠማዘዘው ወደ ቀኝ ከሚጠማዘዘው ጋር ተጣምሮ ይሠራል፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ሂኖኪ የሚሉት ዛፋቸው የኛ የሐበሻ ጥድ ዘመድ ነው፤ በአንድ የዛፍ ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ኮሃራ ጂሮ የተባሉ የእንጨት ተመራማሪ ከአሮጌ ሕንጻዎች የወጣ ሂኖኪ እየፈተኑ አስገራሚ ነገር አሳይተዋል። እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ለሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ያህል ጥንካሬው ይጨምራል። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ሺህ ዓመት አልፎት እንኳ አዲስ ሲቆረጥ ከነበረው ብዙም አይርቅም። ይህን ያወቀ ሰው እግሩ ስለበሰበሰ ብቻ ሙሉ ቋሚ አውጥቶ መጣል ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ አይጠፋውም። የወጣው ከሚገባው የተሻለ ሊሆን ይችላል።

በሂሜጂ ግንብ ይህ በግልጽ ይታያል። ግንቡን ከመሬት እስከ ላይ የተሸከሙት ሁለት ግዙፍ ቋሚዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 25 ሜትር ይጠጋሉ። ከ1956 እስከ 1964 በተደረገው ትልቅ ጥገና ሁለቱም ተመረመሩ። ምሥራቃዊው የበሰበሰ እግሩ ብቻ ተቆርጦ ተቀጠለለት። ምዕራባዊው ግን አልዳነም፤ መተካት ነበረበት። ለእሱ ከታሰበው ዛፍ አንዱ ተሰበረ። በመጨረሻ ሁለት እንጨት ተቀጣጥሎ ቆመ። ያን የሚያህል ዛፍ ማግኘት ከግንባታው በላይ ከባድ ሆኗል። ኒሺዮካ ራሳቸው ያኩሺጂ የተባለውን ቤተ መቅደስ መልሰው ሲገነቡ ትልልቁን ሂኖኪ ያስመጡት ከታይዋን ነው።

በዚያው በያኩሺጂ ሥራ ላይ ከምሁራን ጋር ከረር ያለ ክርክር ነበራቸው። አንዳንዶቹ ውስጡ በኮንክሪትና በብረት ይጠንክር አሉ። ኒሺዮካ ተቃወሙ። ኮንክሪት ከእንጨቱ ቀድሞ ያረጃል፣ ያኔ የእንጨቱን ዕድሜ ይዞት ይሄዳል ነው ክርክራቸው። በያኩሺጂው ወርቃማ አዳራሽ የውስጠኛው ክፍል ኮንክሪት ገባ፤ ሁሉን አላሸነፉም። በ1981 የቆመውን ምዕራባዊ ፓጎዳ (ጣሪያ በጣሪያ የተደራረበ ማማ ነው) ግን ከጥንታዊው ምሥራቃዊ መንትያው በ30 ሴንቲሜትር ያህል አስበልጠው ሠሩት። እንጨቱ ሲደርቅና መሬቱ ሲረጋ ከዘመናት በኋላ እኩል እንዲሆኑ።

እኔ በዚህ ክርክር ከኒሺዮካ ጋር ነኝ። ግን ታሪኩ ንጹሕ እንዳልሆነም መናገር አለብኝ። ናራ ያለው የቶዳይጂ የታላቁ ቡድሃ አዳራሽ፣ በ1709 የተጠናቀቀው፣ ጣሪያው ከብዶት ሊወድቅ ደርሶ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በተደረገው ጥገና ከእንግሊዝ የመጣ የብረት ማዋቀሪያ ጣሪያው ውስጥ ገባ። ዛሬም እዚያው ነው። ያ ብረት ባይገባ አዳራሹን እናየው ነበር ወይ? አይመስለኝም። ስለዚህ ብረት ያስገባን ሁሉ አልወቅስም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ነገ ማውጣት ይቻላል ወይ?

የኢሴን መቅደስ የሚያነሱ አሉ፤ በየ20 ዓመቱ ሙሉ በሙሉ በአዲስ የሚሠራውን። የመጨረሻው በ2013 ነበር፣ የሚቀጥለው በ2033 ነው። እሱ ድንቅ ነገር ነው፣ ግን የተለየ ነገር ነው። እዚያ የሚጠበቀው ሥራው ነው፤ እንጨቱ በየጊዜው አዲስ ነው። በሆርዩጂ የሚጠበቀው እንጨቱም ጭምር ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ «ጃፓኖች አሮጌ ነገር አይይዙም» የሚል ድምዳሜ ላይ የሚደርስ ጽሑፍ ሳይ ያበሳጨኛል።

ይህ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ጥያቄም ሆኖ ነበር። በድንጋይ የሚገነቡ ሀገሮች ባለሙያዎች፣ ተፈትቶ የተገጠመ፣ እንጨቱም በከፊል የተቀየረ ሕንጻ እንዴት «እውነተኛ» ይባላል እያሉ ይጠይቁ ነበር። በ1994 በናራ ከተማ ተሰብስበው አንድ ሰነድ አወጡ። የቅርስ እውነተኛነት በየባህሉ መመዘን አለበት፣ ቁሱ ብቻ ሳይሆን አሠራሩም ይታያል የሚል ሰነድ ነው። በ2020 ደግሞ ዩኔስኮ የጃፓንን የእንጨት ሕንጻ ጥበቃ ሙያዎች፣ አሥራ ሰባቱን አንድ ላይ፣ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። አናጢነት ብቻ አይደለም፤ የጣሪያ ቅርፊት የሚልጡት፣ ግድግዳ የሚመርጉት፣ ቀለም የሚቀቡትም አሉበት። ልክ ነው። አናጢው ብቻውን ቢተርፍ ቤቱ አይተርፍም።

ስለ ቤታችንም ትንሽ። እኛ ሀገርም እንጨት የተሸከማቸው የቆዩ ሕንጻዎች አሉ። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና የእንጨት አግዳሚ እየተደራረበ የተሠራ ነው፤ የአግዳሚዎቹ ክብ ጫፎች «የዝንጀሮ ራስ» እየተባሉ ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሪክ ማቲውስ ተጠግኗል። አዲስ አበባ ውስጥም ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተሠሩ፣ በረንዳቸውና ደረጃቸው እንጨት የሆነ ቤቶች ነበሩ፣ አሁንም ጥቂት አሉ።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ እንደዚያ ያለ ቤት ነበር። የበረንዳው ቋሚ እግሩ በስብሶ ሠራተኞች ሲሚንቶ ሞሉበት። ስንመለከት አንድ ሽማግሌ አናጢ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«ጋሼ፣ አሁንማ ጠነከረ» አልኳቸው።

«ውሃው በየት ይውጣ ልጄ?» አሉኝ።

ያኔ አልገባኝም። ሲሚንቶ ከእንጨት ጋር አንድ ላይ አይንቀሳቀስም። እንጨቱ በበጋ ሲቀንስ በመካከላቸው ስንጥቅ ይፈጠራል። በክረምት ውሃ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ወርዶም ይቀራል። መድረቂያ የለውም። ከላይ ሲታይ የተጠገነ ነው፣ ከውስጥ ግን መበስበሱ ከበፊቱ ይፈጥናል። ሽማግሌው ጃፓንን አያውቁም ነበር። ያወቁት እንጨትን ነው። ለአሮጌ ቤቶቻችን ጠጋኝ ሲፈለግ መጀመሪያ እንደሳቸው ያለ ሰው ቢጠራ ደስ ይለኛል። የካናዋ ቅርጽ የግድ አይደለም። እንጨቱን አንኳኩቶ የሚያዳምጥ፣ የበሰበሰውን ያህል ብቻ የሚቆርጥ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

መሞከር ለምትፈልጉ አናጢዎች ጥቂት ነገር ልበል። የደረቀ እንጨት ያዙ፤ እርጥብ እንጨት ዛሬ ቢገጥም ከወር በኋላ ይከፈታል። ለመጀመሪያ 9 በ9 ሴንቲሜትር የሆነ ጥድ ጥሩ ነው፤ መጋጠሚያውን 27 ሴንቲሜትር አድርጉት። ልክ ስትወስዱ ከጠርዝ አትነሱ። መሃሉን ፈልጋችሁ በአራቱም ገጾች የመሃል መስመር አስምሩ፣ ሁሉንም ልክ ከእሱ ውሰዱ። አሮጌ ቋሚ ጠርዙ ቀጥ ያለ አይሆንም፣ የመሃል መስመር ግን አይዋሽም። አዲሱን እግር የዛፉ ሥር በነበረው በኩል ወደ ታች አቁሙት። መጋዙ መስመሩን አይብላ፤ በሚጣለው በኩል ቁረጡና መስመሩ ላይ በመሮ ድረሱ። ምላሱን መጀመሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ ተዉት፣ እየሞከራችሁ አቅጥኑት። የሽብልቁን ቀዳዳ መጨረሻ ላይ ነው የምታስተካክሉት፣ ሁለቱ ገጥመው ካያችሁ በኋላ።

ሽብልቁን ከወይራ ሥሩት። ወደ አንዱ ጫፍ በጣም ትንሽ ይቅጠን። ሲገባ ድምፁን ስሙ፤ ከፍ እያለ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ይደርቃል። እዚያ ላይ አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ቢመታ እንጨቱን ይሰነጥቃል። ቀጭኑን ጫፍ ከቋሚው ጋር እኩል አትቁረጡት። ትንሽ ይትረፍ፤ አንድ ቀን ሽብልቁን የሚያወጣው ሰው መዶሻውን የሚያሳርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል።